ቀዳሚና ተከታይ በሞላ ወንዝ ዳር

ቀድሞ የሄደ ሰው ወደ ኋላው የመመልከት ግዴታ አለበትን? ካለበትስ ግዴታው እስከ ምን ድረስ ይጸናል? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ስለ ግለሰብና ስለ ኅብረተሰብ ግንኙነት በየስብሰባው፣ በየመማሪያ ክፍሉና በየመድረኩ ብዙ የተነገረ በመሆኑ መልሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ያህል ይሰማናል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ወደ ሌላ ጉዳይ ማለፍ ብቻ የቀረን ይመስለናል። ነገር ግን ተረቱ የሚናገረው ስለ ጥንካሬ እንጂ ስለ ፍጥነት አይደለም። ድርና ድር ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ሰውና ሰው ግን እኩል አይራመዱም። አንዱ ይቀድማል፤ ሌላው ይቀራል። በመካከላቸው የሚፈጠረው ርቀት የማን ዕዳ እንደሆነ ተረቱ አይነግረንም።

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ መጽሐፍ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ክረምት በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ በጭቃ ላይ ያደረግነው የሦስት ቀን ሩጫ ነው። ያን ጊዜ ቢቸና ውስጥ አስተማሪ ነበርሁ። ትምህርት ሲዘጋ በከተማው ከሚቀሩት ወጣቶች ጋር ንጋት ላይ መሮጥ ልማዴ ነበር። የማኅበር ስም አልነበረንም፤ መዝገብ፣ መዋጮና ሊቀ መንበርም አላቆምንም። ዶሮ ሲጮህ በገበያው ዳር የተገኘ ሁሉ ይሮጣል፤ ያልተገኘ ይተኛል። ተማሪዎች ነበሩ፤ ከአጠገብ ቀበሌዎች የሚመጡ የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛም ነበረ። በዕድሜ ታላቃቸው በእግር ደግሞ መጨረሻቸው እኔ ነበርሁ።

እዚህ ላይ ስለ ክረምታችን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ክረምት ማለት ምድር በረዶ የሚለብስበት ወራት ነው፤ በዚያ የሚሮጡ ሰዎች ጫማቸው ሥር ጥርስ ያለው ብረት አስረው ይወጣሉ። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ዝናቡም ጭቃና ወንዝ ነው። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ለቢቸና በምዕራብ፣ ለሞጣ በደቡብ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጮቄ ቆሟል። በሌላው ወገን ዓባይ በጥልቅ ሸለቆው አገሩን ይከበዋል። ከጮቄ ምሥራቃዊ ወገብ የሚነሡ ወንዞች ወደ ዓባይ የሚወርዱት ይህንን አገር እየቆራረጡ ነው። በበጋ እረኛ በድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚያልፋቸው ወንዞች በሐምሌና በነሐሴ ሌላ ፍጥረት ይሆናሉ። በመንደሩ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ጮቄ ላይ የዘነበው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ደራሽ ሆኖ ይመጣል፤ ግንድ ይዞ ይመጣል፤ በግ ይዞ ይመጣል።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። ጤፍ የሚወደው የቢቸና ዋልካ በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ የረገጠውን አይለቅም። ጫማ ያደረገ ሰው መቶ እርምጃ ሳይሄድ በየእግሩ አንዳንድ ምጣድ ያህል ጭቃ ይሸከማል። ስለዚህ የእኛ ልጆች ጫማቸውን በማሰሪያው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በባዶ እግራቸው፣ የእርሻውን ድንበር ሣር እየተከተሉ፣ አጭር አጭር እየረገጡ ነበር የሚሮጡት። ከድጡ ወደ ማጡ የሚለው አነጋገር ለከተማ ሰው ምሳሌ ነው፤ ለእኛ የየማለዳው ጉዳይ ነበር።

በዚህ አገር የክረምት መንገድ አንድ የቆየ ሕግ አለ። ከሞላ ወንዝ ዳር ቀድሞ የደረሰ፣ ተከታዩን ይጠብቃል። ማንም ለብቻው አይገባም። ሲገቡም ሥርዓት አለው፦ ልብስ ተጠቅልሎ በራስ ላይ ይታሰራል፤ ብርቱው በላይኛው በኩል ዱላውን ወደ ወራጁ ተክሎ ይቆማል፤ ደካማው መካከል ይገባል፤ የሚያያዙት በጣት ሳይሆን በእጅ አንጓ ነው፤ ጣት ይሾልካልና። ዐይን ውሃውን አይመለከትም፤ ማዶውን ይመለከታል። ይህንን ሕግ የጻፈው የለም። አንድ ጊዜ የጣሰው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የሚጥስበት ዕድል አያገኝም።

እኔም ይህን ሕግ ከወንዝ ዳር አንሥቼ በመንገዱ ሁሉ ላይ አደረግሁት። ጧት ጧት ስንሮጥ ፈጣኖቹ በየኮረብታው ራስ ላይ ቆመው እንዲጠብቁን አዘዝሁ። «አብረን ወጥተናል፤ አብረን እንገባለን» የሚለው ቃሌ በወጣቶቹ ዘንድ ይታወቅ ነበር። በሐሳቡ እኮራበት ነበር ብል አልዋሸሁም። የኅብረት ስሜት በቃል ሳይሆን በተግባር የሚቀረጽበት ትምህርት ነው ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ግማሹን አምናለሁ።

በነሐሴ ወር ሞጣ ላይ የወጣቶች የሩጫ ውድድር መኖሩን ሰማን። ከወንዶችም ከሴቶችም ሦስት ሦስት ተመርጠው ወደ ከፍተኛው ውድድር ያልፋሉ ተባለ። ከእኛ መካከል ሦስት ልጆች ተመዘገቡ። ከሦስቱ አንዱ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የገበሬ ልጅ ነበረ። ስሙን አልጽፍም፤ «ልጁ» እለዋለሁ። ስለ ሩጫው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እርሱ ሲሮጥ ጭቃው የሌለ ይመስል ነበር። የመኪናው መንገድ በዝናብ ተበላሽቶ ስለነበረ፣ ይልቁንም እውነቱን ለመናገር ጀብዱ ስላማረን፣ ሰባት ሆነን በእግር ለመሄድ ወሰንን። ነሐሴ 11 ቀን ጉም ሳይገለጥ ከቢቸና ወጣን።

የመጀመሪያው ቀን ደብረ ወርቅ አደረሰን። ካፊያው አላቋረጠም። የፍልሰታ ጾም በመሆኑ ስንቃችን ቆሎና በሶ ነበር፤ ጾሙን የያዙት ልጆች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እርሱንም አልቀመሱም። በሁለተኛው ቀን ማታ የቡሄ ዋዜማ ነበረና ባደርንበት መንደር ችቦው እየጨሰ ይነድ ነበር፤ የጅራፉ ጩኸት ከኮረብታ ኮረብታ ይመላለስ ነበር። «የመሸብን እንግዶች ነን» ብለን የቆምንበት ደጅ ባለቤት፣ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ» ብለው አስገቡን፤ ልጆቻቸው ከተሰጣቸው ሙልሙል አካፈሉን። የዚያ ጎጆ ጭስና ሙቀት እስካሁን አይረሳኝም። ሰባት ሰዎች እግራችንን ወደ እሳቱ ዘርግተን ጭቃው እየደረቀ ሲፈረፈር እናይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ ተለወጠ። ልጁ ማለዳ ሲነሣ እግሩ ቀሎት ነበር። ጋቢው እንዳይከብደው እኔ ተቀብዬ ከእቃዬ ጋር አሰርሁለት። እንደ ሕጋችን በየኮረብታው ይጠብቀናል ብዬ አሰብሁ፤ እርሱ ግን ቁልቁለቱን ሲያገኝ ሄደ። ከጮቄ ከሚወርዱት ወንዞች አንደኛው ዘንድ ስንደርስ እርሱ ማዶ ቆሞ አየነው። ሲሻገር ውሃው ከጉልበቱ አልፎ አልነበረም። እኛ ስንደርስ ግን ቀለሙ ቡና መስሎ፣ ድንጋይ ከሥሩ እያንከባለለ፣ ከደረት በላይ ሞልቶ ነበር።

ከመሻገሪያው አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገሳቸውን ለብሰው ወጡ። «ጮቄ ላይ ዘንቧል፤ እስኪጎድል ተቀመጡ፤ ውሃ አይለመንም» አሉን። ተቀመጥን። ዝናቡ እኛም ላይ መጣ። እኛ ስድስታችን በሽማግሌው የከብት በረት ሥር ተጠለልን። ልጁ በማዶ ዳር ላይ፣ መጠለያ በሌለበት፣ በአንዲት ካናቴራ ቆመ። ጋቢው በእኔ እቅፍ ውስጥ ነበረ።

ከዚያ ሞጣ ለእርሱ እግር ሩቅ አልነበረም። ቢቀጥል ከሰዓት በኋላ ይደርስ ነበር፤ ይደርቅ ነበር፤ ይተኛ ነበር። ውድድሩ በማግሥቱ ጧት ነው። ልጁ ወደ መንገዱ ዞር ይል ነበር፤ እንደገና ወደ እኛ ዞር ይል ነበር። ውሃው እያገሣ ስለሆነ ድምፅ አይሰማም፤ እጅ ግን ይታያል። እጄን አንሥቼ «ሂድ» የሚል ምልክት ላሳየው እችል ነበር። አላሳየሁትም። አምስት ሰዓት ያህል እንዲሁ ተያየን።

ወደ ማታ ውሃው ወደ ወገብ ወረደ። ሽማግሌው የጭነት ጠፍሮቻቸውን ቀጣጥለው ሰጡን። ድንጋይ አስረን ወረወርን፤ ሁለት ጊዜ ወንዙ ወሰደው፤ በሦስተኛው ልጁ ያዘው። በአንድ የወይራ ግንድ ላይ ጠመጠመና ቁጢጥ ብሎ ጨበጠ። ድንጋዮቹን ሳይሸፈኑ ያያቸው እርሱ ብቻ ስለነበረ በየት በኩል እንደምንገባ በእጁ እየመራ አሻገረን። ከመካከላችን ትንሹ እግሩ ሸርተት ብሎ ውሃው ሲያጋድመው፣ ጠፍሩ ተወጠረ፤ ወይራው ያዘ፤ ልጁም ያዘ። ሞጣ የደረስነው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

በማግሥቱ በወንዶቹ ውድድር አራተኛ ወጣ። ያለፉት ሦስት ናቸው። ከእኛ ጋር የተሻገረችው ልጅ በሴቶቹ ሁለተኛ ሆና ተመረጠች። ልጁ ማዶ ባይጠብቅ ኖሮ እኛ እስከ ማግሥቱ እዚያው እናድር ነበር፤ እርሷም አትደርስም ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ ሚዛኑን እንዲይዝ እተውለታለሁ። እኔ ስይዘው አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ይጋደላል።

ቀኑ ነሐሴ 14 ነበር። በሩጫ ስም ያገኘናቸው ታላላቅ ወሬዎች አብዛኞቹ የመጡልን በዝናብ ውስጥ መሆኑን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ 10,000 ሜትርን ያሸነፈው ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ማታ ደግሞ የአቴንስ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነበረ። ሞጣ ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት፣ በአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት፣ እርጥብ ጋቢ ለብሰን ተደርድረን ተመለከትን።

የሆነውን ብዙዎች ያስታውሱታል። በአትላንታና በሲድኒ በተከታታይ ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን መሪነቱን ይዘው ሲገሰግሱ ኃይሌ ወደ ኋላ ቀረ። ሁለቱ ወጣቶች ደጋግመው ወደ ኋላ ዞረው ተመለከቱ፤ ፍጥነታቸውንም ቀነሱ። በኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ ዓለም እያየ፣ ተወዳዳሪ እየተከተለ፣ ታላቃቸውን ጠበቁ። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ። እኔም ልቤ ሞላ፤ «ይኸውላችሁ፣ ያልኋችሁ ይህንን ነው!» ለማለት አፌን ከፈትሁ።

ልጁ ቀደመኝ። ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አሁን ኃይሌ ‹ሂዱ› ቢላቸው ምናለ?» አለኝ።

አፌን ዘጋሁ። ቀነኒሳና ስለሺ ሄዱ። ቀነኒሳ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን፣ በ27 ደቂቃ ከ05.10 ሰከንድ አንደኛ ወጣ፤ ስለሺ ሁለተኛ፣ የኤርትራው ዘርእሰናይ ታደሰ ሦስተኛ ሆኑ። ኃይሌ አምስተኛ ገባ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔ ግን የሰማሁት ያንን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ጥያቄው ስለ ኃይሌ እንዳልሆነም ገብቶኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። የሥነ ምግባር ትምህርታችን ስለ ቀዳሚው ግዴታ ብዙ ይናገራል። ቀዳሚው እንዲጠብቅ፣ እንዲያካፍል፣ እንዳይኮራ ይመክራል። ስለ ተከታዩ ግዴታ ግን ዝም ይላል። የቀረ ሰው ምስኪን ነውና ግዴታ የሌለበት ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። የቀረ ሰው በቀደመው ላይ ሥልጣን አለው፤ ይህም ቀላል ሥልጣን አይደለም። ዐይኑን ይተክልበታል። ዝም ይላል። ዝም በማለቱ ብቻ ያስቆመዋል።

በአገራችን ገበሬ ዘንድ መቀናጆ የሚባል ሥርዓት አለ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ ያርሳሉ። መልካም ሥርዓት ነው፤ ብዙ ቤት ከረኀብ አድኗል። በቀንበር ሥር ግን ፈጣኑ በሬ በዘገምተኛው ልክ ይሄዳል፤ ምርጫ የለውም። እኔ በየኮረብታው ራስ ላይ ያቆምሁት ሕግ ቀንበር ነበርን? ስሙ ኅብረት ነበረ፤ አሠራሩ ግን ወደ ቀንበሩ ያደላ ነበር። ሰው በሬ አይደለም። ሰው የሚያብረው ሊሄድ እየቻለ ሲቆይ ነው፤ ሊሄድ የማይችል ሰው ቢቆይ የቆየው ገመዱ እንጂ እርሱ አይደለም።

ይህን ስል አብሮ መሮጥን የማጣጣል እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» የሚለው የአገራችን ቀልድ ትልቅ እውነት ይዟል። ማይክል ክሮሊ የተባለ ብሪታንያዊ አንትሮፖሎጂስት ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር በእንጦጦና በአካባቢው ከአንድ ዓመት በላይ እየሮጠ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመው የሯጮቻችን አብሮ የመሮጥ እምነት ነው። ጫካ ውስጥ በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ ተከታዩ የቀዳሚውን እግር እየተከተለ ይሮጣሉ፤ ለብቻው የሚለማመድ ሰው በጥርጣሬ ይታያል። መምራት አድካሚ ሥራ ነውና በተራ ይሆናል። ቢቸና ያሉት ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር፤ በጭቃ ላይ የፊተኛው የረገጠበት ቦታ ለኋለኛው የታመነ ነውና። እንግዲህ በዚህ አሠራር ውስጥ ማንም ማንንም አያስቆምም። የፊተኛው ይሄዳል፤ በመሄዱ ለኋለኛው መንገድ ይሆናል።

የሞስኮው ሩጫም እንዲሁ ነበረ። ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ፍጥነቱን እያናወጡ፣ በሁለት ተከታታይ ኦሎምፒኮች ያሸነፈውን የፊንላንዱን ላሴ ቪረንን አደከሙት። ምሩፅ አንደኛ፣ መሐመድ ሦስተኛ ወጡ። ቶሎሳ አራተኛ። የአራተኛ ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ ወርቁ ውስጥ የእርሱም ላብ አለበት፤ አንገቱ ላይ ግን የተንጠለጠለ ነገር የለም። ቶሎሳ በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ስሙን በሌላ መንገድ አስጠርቷል። ሞጣ ላይ አራተኛ የወጣው ልጅ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ዛሬ ገበሬና የልጆች አባት ነው። ቢያልፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም አያውቅም፤ እኔም እንዳላውቅ ያደረግሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ሜክሲኮን ደግሞ እንይ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በተደረገው ማራቶን አበበ ቢቂላ በእግሩ ሕመም ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ አልቆመም፤ ቀጠለ፤ አሸነፈ። ማሞን በዚህ የሚወቅስ አለን? የለም። ቢቆም ኖሮ ምን ይጠቅም ነበር? አበበን የሚያድን ነገር በማሞ እጅ አልነበረም። የታላቁ ሰው ክብር የቀጠለው ማሞ ስለሄደ ነው።

ታዲያ የሞላ ወንዝና የሩጫ ሜዳ ልዩነታቸው ይህ ይመስለኛል፦ በወንዝ ዳር የቀረው ሰው ሕይወቱ በቀደመው ላይ ተንጠልጥላለች። በሜዳ ላይ ግን የተንጠለጠለችው የቀረው ሰው ስሜት ናት። ስሜትን ከሕይወት እኩል ስንመዝን፣ መከራ የወለደውን ሕግ መከራ በሌለበት ስንጭን፣ ኅብረት ማለት የጋራ መዘግየት ይሆናል። ይህ በሩጫ ብቻ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። መምህራን በየክፍላችን፣ አርቲስቶች በየቡድናችን፣ ኃላፊዎችም በየጽሕፈት ቤታችን ከእኛ የሚፈጥን ወጣት ሲገጥመን ምን እናደርጋለን? «ከጓደኞችህ ጋር ሂድ» እንለዋለን። ስንቶቻችን ነን ስለ ጓደኞቹ ብለን የምንለው? ስንቶቻችንስ ነን የእርሱ ፍጥነት የእኛን ዝግታ እንዳያሳይብን ብለን የምንለው?

ሆኖም ጉዳዩ በዚህ አይዘጋም፤ ቢዘጋማ ደስ ባለኝ። ልጁ ቢሄድ ኖሮ ያ ትንሽ ልጅ በማን እጅ ይያዝ ነበር? እዚህ ላይ ሞጣ ራሷ የምትሰጠን አንድ ምስክር አለ። ከሞጣ ወደ በጌምድር በሚወስደው የድሮ መንገድ በዓባይ ላይ የተሠራ፣ ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ጋር ስሙ የሚነሣ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች መካከሉን አፍርሰውታልና ሕዝቡ «ሰባራ ድልድይ» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መንገደኛ ያንን ክፍተት የሚያልፈው በገመድ ነበር፤ ከወዲህ ያሉት ሰዎች ይለቃሉ፣ ከወዲያ ያሉት ይስባሉ፤ ገበያተኛው ከነሸክሙ ከጥልቁ በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገራል። ይህን የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ በአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጥቶ ያዩት ሰው «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለውን ድርጅት መሥርተው ድልድዩን እ.ኤ.አ. በ2002 አስጠገኑ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ በገመድ ተሠራ።

ያንን ገመድ ሳስብ ሁልጊዜ የምጠይቀው ስለ መጀመሪያው ሰው ነው። ሁለቱም ወገን ሰው ከሌለበት ገመዱ አይሠራም፤ ስለዚህ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ገመድ የሚስብለት ሳይኖር ማዶ መድረስ ነበረበት። እርሱ ሲሄድ የቀሩት «ጥሎን ሄደ» ሳይሉት አይቀሩም። ልጁም በዚያ ማለዳ በየኮረብታው ሳይቆም በመሄዱ «ሕጉን ጣሰ» ብዬ በልቤ ተቆጥቼው ነበር። የእኔን ሕግ አክብሮ ከእኛ ጋር ቢዘገይ ኖሮ ሰባታችንም ከወንዙ ወዲህ እንቀር ነበር፤ ማዶ ጠፍር የሚይዝ አይኖርም ነበር። ያዳነን ሕጉን በመጣሱና በማክበሩ ነው፤ ኮረብታው ላይ ጣሰው፣ ወንዙ ዳር አከበረው። ልዩነቱን ያወቀው ተማሪው ነው፤ ያላወቀው አስተማሪው ነው።

ቀሪው የእኔ ጥፋት ነው፤ እርሱም ጥቂት ነገር ነው፤ አንድ እጅ ማንሣት። ምናልባት ምልክቱን ባሳየው ልጁ አይሄድም ነበር። ምናልባት ቆሞ ይቀር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ብርዱ የራሱ ይሆን ነበር። አራተኝነቱም የራሱ ይሆን ነበር። እኔ ሁለቱንም ወሰድሁበት። በረቱ ሥር ተቀምጬ ለምን እጄን እንዳላነሣሁ ራሴን ስጠይቅ፣ ስለ ትንሹ ልጅ ፈርቼ ነው የሚል መልስ ይመጣልኛል። እውነት አይደለም። ሽማግሌው ከአጠገባችን ነበሩ፤ ውሃው እንደሚጎድልም ነግረውናል። እውነቱ፣ እርሱ ማዶ ቆሞ ሲበርደው የእኛ መዘግየት ቀለል ይለኝ ነበር።

ነሐሴ 16 ቀን ከሞጣ ተነሣን። ጾሙ ስለተፈታ የልጆቹ ሆድ ሞልቶ ነበር፤ የተመረጠችው ልጅ ከፊት ነበረች። ከዚያ ወንዝ በላይ ካለው ኮረብታ ስንደርስ ልጁ እንደ ልማዱ ቆሞ አገኘሁት። ጉሙ ተገልጦ ወንዙ ወለል ብሎ ይታይ ነበር፤ ውሃው ጎድሏል፤ ድንጋዮቹ ወጥተዋል። ጋቢውን ስሰጠው ተቀበለኝ። «ሂድ» አልሁት። አላመነኝም መሰለኝ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደ።

እኛ ወንዙ ዳር ስንደርስ እርሱ በማዶው አቀበት ላይ ጠፍቶ ነበር። ዱላው ግን ከዳሩ ጭቃ ውስጥ፣ ውሃው ስስ በሆነበት በኩል፣ ተተክሎ ቆሟል።